የአሥራ ሁለት ዘመን አማካይ

ወንድሜ ባንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ «እንሽጠው» አለኝ። ሦስቱንም ጊዜ «ይቆይ» አልኩት። እዚህ የምጽፈው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተለየ ታሪክ የለኝም።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። ግቢዬ ውስጥ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፤ ድሮ ተማሪዎች ይከራዩዋቸው ነበር። አሁን አንዱ የማገዶ ማስቀመጫ ሆኗል፣ ሌላው ተቆልፏል። ገበያ ስወጣ ሬዲዮኑን እንደተከፈተ ትቼው እሄዳለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሌባ ሰው ያለ እንዲመስለው ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። በሩን ስከፍት የሆነ የሰው ድምፅ እንዲቀበለኝ ብዬ ነው። አንዳንድ ቀን ዜና አንባቢውን «እንደምን ዋልክ» ስለው ራሴን አገኘዋለሁ።

የቀረኝ ዘመድ አንድ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከቁይ አለፍ ብሎ፣ አባታችን በኖሩበት ቤት ከሚስቱ ጋር ይኖራል። እንደ አባታችን መሪጌታ ነው፤ ትንሽ ያርሳል፣ ትንሽ ያስተምራል፣ ከሁሉ በላይ ግን ይጽፋል። መጽሐፍ በእጁ፣ በብራና ላይ። ደቃቃ ፊደሉ አንዱ ካንዱ አይበልጥም አያንስም፤ ከሩቅ አድባራት ሳይቀር እያስመጡ ያስጽፉት ነበር። የአባታችን ድጓ አርጅቶ ጠርዙ ስለተበላ፣ እሱን ለልጅ ልጅ እንዲተርፍ እንደገና መገልበጥ ጀምሮ ነበር። «ይህን ሳልጨርስ አልሞትም» ይል ነበር። እኔም «እንግዲያው ቀስ ብለህ ጻፈው» እያልኩ እቀልድበት ነበር።

አባታችን የተዉልን ሌላ ነገር አክሲዮን ነው። ከዓመታት በፊት አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሊቋቋም ሲል ሰዎች በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው በየገበያው አክሲዮን ሲሸጡ፣ አባታችን በቅሏቸውን ሸጠው ገዙ። አገሩ ሁሉ ሳቀባቸው። «መሪጌታ በቅሎ ሸጠው ወረቀት ገዙ!» ተባለ። እሳቸው ግን «በቅሎዋም ታረጃለች» ብለው ዝም አሉ። ሲሞቱ ወረቀቱ በሁለታችን ስም ተዛወረ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት ስም። አንዳችን ካልፈረምን አንዳችን መሸጥ አንችልም።

ወንድሜ የመጀመሪያ ጊዜ የመጣው በጥቅምት ነው፣ አዲሱ ዘመነ ማቴዎስ ገና አንድ ወር እንዳለፈው። የባቄላ እሸት በከረጢት ይዟል። ሲገባ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ።

«ምነው ወንድምዓለም፣ ጠዋት በጠዋት ቀምሰህ ነው እንዴ የመጣኸው?» አልኩት።

«በርሽ ጠቦ ነው» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

እሸቱን እየፈለፈልን ስንጫወት፣ ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ «እታለም፣ ያችን ያባባን አክሲዮን ብንሸጣት ምን ይመስልሻል?» አለኝ። የደብረ ማርቆስ አንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ከየሰዉ አክሲዮን እየሰበሰበ እንደሆነና ለእኛም ዋጋ እንደላከ ነገረኝ።

«ምነው በደህና?» አልኩት።

«ትንሽ ጉዳይ አለችኝ።»

በቃ። ከዚያ አልፌ አልጠየቅኩም። በእኛ ቤት እንዲህ ነው ያደግነው። ሰው ችግሩን አፍርጦ አይናገርም፤ «ትንሽ ጉዳይ አለችኝ» ይላል። የተጠየቀውም «ምን ጉዳይ?» ብሎ አይመረምርም፤ ሰውን በአደባባይ ልብሱን እንደ ማስወለቅ ነው። ዝም ብሎ ሁኔታውን አይቶ፣ ገምቶ፣ የሚችለውን ያደርጋል። አባታችን አንድ ጎረቤት «ትንሽ ጉዳይ» ሲላቸው የጫማውን አፈር፣ የፊቱን መክሳት አይተው ነበር የሚረዱት። እኔ ግን ከተማ ስኖር ግማሹን ረስቼዋለሁ። አለመጠየቁን ይዤ ቀረሁ፣ ማየቱን ጣልኩት።

እውነቱን ልናገር፣ በልቤ የገመትኩት ሌላ ነገር ነበር። ሚስቱ አንድ የወንድሟ ልጅ አላት፤ ሥራ ፈትቶ ከተማ ለከተማ የሚዞር። «ያቺ ሴትዮ ለዚያ ለወንድሟ ልጅ ባጃጅ ልታስገዛለት ነው» አልኩ በሆዴ። የአባቴን በቅሎ ለባጃጅ! አንጀቴ አረረ። አንጀቴ ሲያር ደግሞ ሒሳብ እሠራለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

«ነጋዴው በምን ለክቶ ነው ይህን ዋጋ የላከው?» አልኩት።

«ፋብሪካው አምና ያተረፈው ትንሽ ነው፤ በዚያ ትርፍ ከዚህ በላይ አያወጣም ይላል።»

«ኧረ ተው! ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ!» ብዬ ተነሣሁ። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ የፋብሪካውን ዓመታዊ ሪፖርቶች አወረድኩ። አንድም አልጣልኩም፤ በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሚታደለውን ሁሉ አስቀምጫለሁ።

ለተማሪዎቼ ስንት ዘመን ያስተማርኩት ነገር ነው። ፋብሪካ እንደ ማሳ ነው፤ አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል። አምና መብራት ሲጠፋ ከረመ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ስንዴ የጫነ መኪና ሳይገባ ወራት አለፉ፤ ታዲያ ትርፉ ቢያንስ ምን ይደንቃል? በዚያ በከፋው ዓመት ለክቶ የሚገዛ ሰው በውርጭ ዓመት መሬት እንደሚገዛ ነው። በተትረፈረፈው ዓመት ለክቶ የሚገዛ ደግሞ ሞኝ ነው። ስለዚህ የብዙ ዓመቱን ትርፍ ወስዶ አማካዩን ማውጣት ነው። እሱም ብቻ አይበቃም፤ የዛሬ አሥር ዓመት መቶ ብር እና የዛሬ መቶ ብር ስማቸው እንጂ ነገራቸው አንድ አይደለም። የድሮውን ትርፍ ሁሉ በዛሬ ብር አቅም ለውጦ ነው መደመር ያለበት። ከዚያ የአክሲዮኑን ዋጋ ለዚያ አማካይ ማካፈል፤ የስንት ዓመት ትርፍ እየከፈሉ እንደሆነ ይታወቃል። ትንሽ ሲሆን ርካሽ ነው፣ ብዙ ሲሆን ውድ ነው። ይኸው ነው ጥበቡ።

ለዋጋው መናር የመንግሥትን አኃዝ መጠቀም ነበር ደንቡ። ግን ከእሱ የሚሻል ነገር ቤት ውስጥ ነበረኝ። አባታችን በየዓመቱ ጥር ላይ ቁይ ገበያ አንድ ኩንታል ጤፍ ስንት እንደዋለ በጸሎት መጽሐፋቸው የኋላ ገጾች ላይ ይጽፉ ነበር፤ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ደግሞ ወንድሜ ቀጥሎበታል። መጽሐፉ በዚያ ቀን ከእሱ ጋር በከረጢቱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የእያንዳንዱን ዓመት ትርፍ በዚያው ዓመት የጤፍ ዋጋ እያካፈልን፣ ለአንድ አክሲዮን ስንት ጣሳ ጤፍ እንደደረሰው እናሰላ ጀመር።

«ሳስተምርበት የነበረው መጽሐፍ ላይ አሥር ዓመት ነው የሚባለው» አልኩት።

ወንድሜ ፊቱ በራ። «አሥር ዓመትማ አይሆንም፣ እታለም! ካምና ወደ ኋላ አሥር ብትቆጥሪ ሉቃስና ዮሐንስ ሦስት ሦስቴ ገብተው፣ ማቴዎስና ማርቆስ ሁለት ሁለቴ ሊቀሩ ነው። እንዲህ ያለ አድልዎ አለ? ባላገር መሬት ሲያከራይ እንኳ አራቱም ዘመን ሳይዞር የመሬቱን ጠባይ አውቃለሁ አይልም። አሥራ ሁለት አድርጊው፤ አራቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ይድረሳቸው።»

እንዴት እንደሳቅኩ! ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ማንም ተማሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላመጣልኝም። ደግሞም ልክ ነው፤ ክፉና ደጉ እኩል ካልተወከለ አማካይ ምን አማካይ ነው? አሥራ ሁለት አደረግነው። እሱ «ማቴዎስ!» እያለ ይጠራል፣ እኔ ትርፉን ከሪፖርቱ አነባለሁ። የጤፉን ዋጋ እሱ እንዲያነብልኝ መጽሐፉን ስሰጠው መልሶ ገፋልኝ። «አንቺው አንብቢው፤ ያባባ ጽሕፈት ደቃቃ ነው» አለ። ደቃቃ ጽሕፈት! ማን ለማን እንደሚናገር! እኔ ግን መነጽሬን አድርጌ ደስ ብሎኝ አነበብኩ። እስኪመሽ ድረስ ሠራን። ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን ከዋለ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር።

ውጤቱ እንዳሰብኩት ነበር። ነጋዴው የሚሰጠን ዋጋ የአማካዩን ሰባት ዓመት ትርፍ እንኳ አይሞላም። እኔ ባሰላሁት፣ እንዲህ ላለ ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ቢጠየቅበት ነውር አልነበረም።

«በግማሽ ዋጋ ሊወስድብን ነው» አልኩት። «ይቆይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

«ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡም ይባላል» አለ ወንድሜ፣ ፈገግ ብሎ።

«ተረት ልንገጥም ነው?» አልኩት። ተሳሳቅን። በነጋታው ስኳርና ሻማ ቋጥሬለት መነኻሪያ ድረስ ሸኘሁት።

ሁለተኛ የመጣው በጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ ነው። በየዓመቱ እንደሚያደርገው ግማሽ ኩንታል ጤፍ በባጃጅ አስጭኖ መጣ። ያን ቀን የዓመት በርበሬዬን ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥቼ ነበር። ቀይ፣ ከሩቅ የሚታይ። እሱ ከበሩ ገብቶ ቀጥ ብሎ በመሀሉ ሄደበት።

«ኧረ በሕግ አምላክ!» ጮህኩበት። «ዓይንህ የት ነው?»

እንዲህ ነው ያልኩት፤ በነዚሁ ቃላት። እሱ ክው ብሎ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ከሰሌኑ የወጡትን በእጁ እየዳሰሰ መልቀም ጀመረ። ጠጠርም አብሮ ያነሳ ነበር። «ተወው፣ ተወው፣ እኔ እለቅመዋለሁ» አልኩት ተናድጄ።

በዚያ ሰሞን አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ ተከፈተ እየተባለ ከተማው ሁሉ ስለ አክሲዮን ነበር የሚያወራው። ፀጉር ቤት እንኳ ሳይቀር። ነጋዴው ዋጋውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ነበር። ወንድሜ ምሳ ከበላ በኋላ «እታለም፣ አሁንስ ብንሸጣት?» አለኝ። ደብተሬን አውጥቼ አሰላሁ። ስምንት ዓመት ገደማ ሆነ።

«ግማሽ መንገድ ላይ ነው» አልኩት። «ይቆይ።»

«አንቺ ካልሽ» አለ።

አሁን የምናገረውን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ስሌቱ ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን «ይቆይ» ያልኩት ለስሌቱ ብቻ አልነበረም። ከተሸጠ ጉዳዩ ያልቃል። ካልተሸጠ ተመልሶ ይመጣል። ከአባታችን ሞት ወዲህ በዓመት አንዴ፣ ጤፍ ለማድረስ ብቻ ነበር የሚመጣው፤ በአክሲዮኑ ምክንያት ሁለት ጊዜ መጣ። ሪፖርት አወርዳለሁ፣ እሱ ዘመን ይጠራል፣ እንሳሳቃለን። እኔ ይህን ነበር የማልሸጠው። ብቸኝነት ሰውን እንዲህ ስስታም ያደርገዋል።

ሦስተኛው በስልክ ነው፣ በሰሙነ ሕማማት።

«መንገዱ ስላልተመቸኝ ነው ያልመጣሁት» አለኝ። እንደተለመደው የሰፈሩን፣ የከብቱን ወሬ ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያች ነገር አሁንም አልደረሰችም?» አለኝ።

«ወንድምዓለም» አልኩት፣ ልክ የዘገየ ተማሪ እንደሚመክሩት፣ «ያንድ ዓመት ነገር አይቶ የሚቸኩል ሁልጊዜ ይከስራል። አንተው አይደለህ እንዴ አራቱ ዘመን ይዙር ያልከው?»

«ነኝ» አለ። «እሺ። ይዙር።»

ለፋሲካ አልመጣም። ክረምቱን ሙሉ አልመጣም። ስደውል ሚስቱ ታነሣና «ደህና ነው፣ ወጣ ብሏል» ትለኛለች። እኔም ጠባዬን አውቀዋለሁ፤ ወዲያው አኮረፍኩ። አክሲዮኑን አልሸጥም ስላልኩት አኮረፈ፣ እኔም አኮርፋለሁ፤ የታላቅ ወግ ነው! ዘመነ ማርቆስ ሲገባ፣ ለእንቁጣጣሽ ምናልባት ቢመጣ ብዬ ለሁለት ሰው የሚሆን ዶሮ ሠራሁ። እስከ ቀትር ጠበቅሁ። ባጃጅ በበራፌ ባለፈ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፍቼ ለብቻዬ በላሁ። የተረፈውን ሦስት ቀን በላሁት።

በኅዳር የፋብሪካው ጠቅላላ ጉባኤ ተደረገ። ዓመቱ ደህና ነበር፤ ትርፉ ተመልሷል። ከሳምንት በኋላ ያ ነጋዴ ራሱ ቤቴ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ «መምህርት፣ እርስዎ አስቸጋሪ ሰው ነዎት» አለኝና ዋጋውን ተናገረ። ደብተሬን አወጣሁ፤ አዲሱን ዓመት ጨምሬ የሩቁን ጥዬ አሰላሁ። አሥራ አራት ዓመት። ልክ እንዳልኩት! እልል ልል ቃጣኝ። ነጋዴውን ሸኝቼ በሩን ስዘጋ ግን እልልታውን የሚሰማልኝ ሰው አልነበረም። ኩርፊያዬን ትቼ ደወልኩ። ሚስቱ አነሣች።

«በይ አገናኚኝ» አልኳት፣ «የምሥራች አለኝ።»

«እትዬ፣ ቢመጡ ይሻላል» አለችኝ።

በነጋታው በሚኒባስ ቁይ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ በእግሬ። ወንድሜ ከበራፉ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ልደርስበት አሥር እርምጃ ያህል ቀርቶኛል። ፊቱን ወደ እኔ ሳይሆን ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ።

«ማነው?» አለ።

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

የቀረውን ሚስቱ ነገረችኝ። ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ፣ የመጀመሪያ ጊዜ እኔ ዘንድ ከመምጣቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ሐኪም ታይቶ ነበር። የዓይን ግፊት ነው ብለውታል፣ ግላኮማ። አያምም፣ አያሳክክም፤ ከዳር ከዳር እየጋረደ ወደ መሀል ይመጣል። ፈጥነህ አዲስ አበባ ሄደህ ቀዶ ሕክምና አድርግ፣ ጠብታውንም ዕድሜ ልክህን አታቋርጥ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል ብለውት ነበር። መጓጓዣው፣ ማረፊያው፣ ቀዶ ሕክምናው፣ ጠብታው፤ ያ ሁሉ ነበር «ትንሽ ጉዳይ»። ግንቦት ላይ አንዲት ጊደር ሸጠው ባሕር ዳር ወስደውት ዘገየ ተባለ። የወሰደው ያ የሚስቱ የወንድም ልጅ ነው። በባጃጅ የጠረጠርኩት። ሁለት ሳምንት ደጅ እያደረ አስታሞታል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። እኔም ጮህኩ። «ለምን ለዓይኔ ነው አላልከኝም? ጡረታዬ አለ፣ ትንሽ ያስቀመጥኩት አለ፣ ቤቱን አስይዤ እበደር ነበር! እንደ ሰው ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ጠየቅሁሽ እኮ፣ እታለም» አለ።

በቁጣ አይደለም። እንዲያውም ቀስ ብሎ፣ የሚያጽናናኝ ይመስል። ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

«ለዓይኔ ነው ብልሽ ያባባን በቅሎ በግማሽ ዋጋ ትሸጫት ነበር» አለ ቆይቶ። «ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ መጀመሪያ ቀን ስናሰላ እንዴት እንደሳቅሽ ታስታውሻለሽ? አባባ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ስትስቂ አላየሁም። ይህን ልስበርባት? አልኩ። ያኔ ገና ፊትሽ ይታየኝ ነበር።»

አፈር ልብላ። የአንድ ፋብሪካን የአሥራ ሁለት ዓመት ትርፍ፣ የመብራቱን መጥፋት፣ የስንዴውን መወደድ ሳይቀር መርምሬ ሳውቅ፣ ከፊቴ ተቀምጦ እሸት የሚፈለፍለውን ወንድሜን አንድ ቀን ዓይኑን ቀና ብዬ አላየሁትም። በር መታ፤ ሳቅኩበት። በርበሬ ረገጠ፤ ጮህኩበት። ጽሑፍ አንብቢልኝ አለ፤ ደስ አለኝ። አባቴ ቢሆኑ የመጀመሪያው ቀን፣ በሩ ላይ ያውቁት ነበር።

ቤት ስገባ የሚጽፍበት አትሮንስ በመስኮቱ ሥር እንደቆመ ነው። ያባታችን ድጓ በአንድ በኩል፣ አዲሱ ብራና በሌላ በኩል። የመጀመሪያዎቹ ገጾች እንደሱ ናቸው፤ ቀጥ ያሉ። ወደ መጨረሻው ፊደሎቹ እየተለቁ፣ መስመሩ እየወረደ ይሄዳል። ከዚያ በአንድ ገጽ መሀል፣ በአንድ ቃል መሀል ያቆማል። ሚስቱ አቧራ እንዳይነካው ነጠላ አልብሳዋለች።

እኔ ወረቀቱን ቀድጄ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ነው የሽያጩን ነገር ያነሣው። «ዋጋው ደረሰ አይደል? እንሽጠው እንጂ። ለጠብታው ይሆናል፤ ጥላና ብርሃን መለየት እንኳ እንዳይቀርብኝ። የተረፈው ደግሞ መጽሐፉን ለሚጨርስልኝ ጸሐፊ ይሁን» አለኝ። አሥራ አምስት ቀን እኔ ዘንድ ሊቀመጥ ይዤው ወደ ደብረ ማርቆስ መጣሁ። ሁልጊዜ የምመኘው ይህ ነበር፤ ቤቴ ሰው እንዲኖርበት። ጠዋት ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲሄድ እሰማዋለሁ፤ ሬዲዮኑን ለመክፈት እጄ ይሄድና ይመለሳል። እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም የተመኘሁት።

ስሌቱ ትክክል ነበር። ዛሬም ተማሪ መጥቶ ቢጠይቀኝ እንደዚያው ነው የማስተምረው፤ ጤፉንም፣ አራቱን ወንጌላውያንም ጨምሬ። አንድ ነገር ብቻ እጨምርለታለሁ። ከማስላትህ በፊት አጠገብህ የተቀመጠውን ሰው ምን ሆነህ ነው ብለህ ጠይቀው፤ ቢቆጣህም ጠይቀው።

ሽያጩን ለማጽደቅ ሰነድ ማረጋገጫ ሄድን። ነጋዴው ቀድሞን ደርሷል። ሰው ብዙ ነበር፤ ወንድሜ ክንዴን ይዞ ተራ ጠበቅን። ተራችን ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ወጣት ሠራተኛ ወረቀቶቹን አገላብጣ እኔን አስፈረመችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ቀና አለች።

«አባቴ፣ እርስዎስ? ፊርማ ነው አሻራ?»

እኔ «ይፈርማል፣ እጁን እይዝለታለሁ» ልል አፌን ስከፍት፣ እሱ ቀደመኝ።

«አሻራ» አለ።

«መጻፍ አይችሉም?»

«ድሮ እሞክር ነበር፣ ልጄ» አላት።

ልጅቷ የቀለሙን ሰሌዳ ገፋችልኝ። አውራ ጣቱን ያዝኩ። በብርዕ ብዛት የጠነከረው ጉጥ እዚያው መሀል ጣቱ ላይ ነበር፤ በእጄ ተሰማኝ። ቀለሙ ላይ፣ ከዚያ ከስሜ ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ጫንኩት። ትንሽ ወደ ጎን ተንሸራተተና ጫፉ ተበላሸ። ሠራተኛዋ «ይበቃል» አለች።

ስንወጣ ጣቱን በመሀረቤ እየጠረግኩለት ነበር።

«ዋጋው ያልሽውን ያህል ሆነ፣ አይደል?» አለኝ።

«ሆነ» አልኩት።

«ይኸው! ብዬ ነበር፤ እታለም ሒሳብ አትስትም» አለ፣ የምር ኮርቶብኝ።

«ደረጃ አለ» አልኩት። ክንዴን አጥብቆ ያዘና፣ እሱ በእግሩ እየዳሰሰ፣ አብረን ወረድን።